ሳሙና የነካው ላባ

በግንቦት 1952 ዓ.ም.፣ አንድ ሐሙስ ከእረፍት በኋላ፣ አሰላ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ተማሪዎችና የሳይንሱ መምህር ገብረወልድ ነበሩ። ከተማሪዎቹ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ሀጂራ ቱሳ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማለች፤ መምህሩ ደብተሯን ይዘው ጮክ ብለው ያነባሉ።

«‹ሶሪት የጫካ ወፍ ናት። አረንጓዴ ናት፤ ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት አላት። የጽድና የዝግባ ፍሬ ትበላለች። ሩቅ አትበርም፤ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጦጣ ትሮጣለች።› እስካሁን መልካም።» ቀና አሉ። «‹ክንፏን ስትዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ ነው።› ይህን ከየት አመጣሽው?»

«አይቼው ነው፣ መምህር።»

«እኔ አዲስ አበባ ስማር ደርቃ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠች ሶሪት ዓመቱን ሙሉ ፊቴ ነበረች። ቀይ የሚባል አላየሁባትም።»

«ክንፏን አጥፋ ስለሆነ ነው። ስታጥፈው ቀዩ ይደበቃል።»

«ነገ ደግሞ ሰማያዊ ዝሆን ታመጣለች» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

ሀጂራ ከመጽሐፏ መሃል ቀይ ላባ አውጥታ ሰጠቻቸው። አባቷ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ቀፎ ሲሰቅል መሬት ላይ አግኝቶ ያመጣላት ነው። መምህሩ ላባውን አገላብጠው አዩና ውሃና ሳሙና አስመጡ። ጣሳው ውስጥ ነክረው ሲያሹት ውሃው ቀላ።

«ላባ የራሱን ቀለም አይለቅም» አሉ፣ ጣሳውን ለክፍሉ እያሳዩ። «የዶሮ ላባ በቀለም ነክረሽ ልታታልይኝ ነው። ሰኞ በሰልፍ ፊት መዋሸትሽን ተናግረሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። አለዚያ የዓመቱ ሳይንስ ዜሮ ነው።»

በሳይንስ ዜሮ ያገኘ ክፍል ይደግማል። ያልነከረችው ላባ እንዴት ቀለም እንደለቀቀ ለሀጂራ ለራሷም አልገባትም።

ማታ ነገሩን ስትነግረው አባቷ ቱሳ እጁ ላይ የቀረውን ሰም እየፋቀ አዳመጣት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የሶሪት ቀይ ሳሙና ሲነካው ይለቃል። እናትሽም አንዴ በአመድ ውሃ አጥባው ደበዘዘባት። ዝናብ ግን ምንም አያደርገውም። መጥቼ ልንገራቸው?»

«እርስዎን አይሰሙም፣ አባ።»

ይህን ካወቀች በኋላ ንዴቷ ባሰ። እውነተኛ ላባ መሆኑ ነው ውሸታም ያስባላት። መምህሩ የማያውቁት ነገር ቢኖር ጥፋቱ የእርሷ ነው ማለት ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዋ አፀደ ከወንድሟ ከሀይሉ ጋር መጣች። ሀይሉ ወንጭፍ ይዟል።

«እሱ አይስትም» አለች አፀደ። «ወፏን ራሷን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪላቸው። ክንፏን ይግለጡና ይዩ።»

ሀጂራ ነገሩ ጣማት። መምህሩ ክንፉን ሲገልጡ፣ ፊታቸው ሲለወጥ፣ የሳቀው ሁሉ ዝም ሲል ታያት። ከፊት ሆና ወደ ጫካው መራቻቸው።

አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ሲደርሱ ከላይ እንደ ውሻ ጩኸት የሻከረ ድምፅ ተሰማ። ጭራሮ ብቻ የሆነች ልል ጎጆ ላይ አንዷ ሶሪት ተኝታለች። ሌላዋ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየሮጠች መጣችና ቦታ ተለዋወጡ። የተነሣችው ወደ ማዶው ጽድ ስትሻገር ክንፏ ተዘረጋ፤ ጫካው ውስጥ ቀይ ነገር በራና ጠፋ።

«ቀይ ነው እኮ» አለ ሀይሉ፣ ወንጭፉን ረስቶ።

«አያችሁ?» አለች ሀጂራ። «በቃ፣ ሰኞ ሁለታችሁም ያያችሁትን ተናገሩልኝ።»

አፀደ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። «እኛንማ አታስገቢን። እኛንም ውሸታም ቢሉንስ? ሀይሉ ይምታትና ይለቅ።»

ሀይሉ ድንጋይ አስገብቶ ወደ ጎጆዋ አነጣጠረ። በዚህ ርቀት ሕፃንም አይስትም።

ሀጂራ ወንጭፉን ያዘችበት።

«እናንተ የማትናገሩትን የሞተች ወፍ ትናገርልኝ?»

«ለአንቺ ብለን እኮ ነው። ለወፍ ብለሽ ክፍል ልትደግሚ ነው?»

«ወንጭፉን አውርድ፣ ሀይሉ።»

«ግትር» አለች አፀደ። «እንግዲህ ውሸታም ሲሉሽ እኔ ጋ እንዳታለቅሺ።» ወንድሟን እየጎተተች ቁልቁል ወረደች።

ሰኞ በሰልፍ ፊት መምህር ገብረወልድ ሀጂራን ጠሩና «ተናገሪ» አሏት። አፀደ ከሴቶቹ መሃል መሬት መሬት ታያለች። ሀጂራ እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች።

«የሶሪት ክንፍ ቀይ ነው፤ ቀዩ ሳሙና ሲነካው ይለቃል። ላባውን አልነከርኩም።»

መምህሩ ዜሮውን እዚያው ጻፉ። መስከረም ላይ ሀጂራ ስድስተኛ ክፍልን ደገመች።