ሲነገር የሚረክሰው መድኃኒት

«ይሄ ውሻ ነው ወይስ ሬሳ?» አለ የራይዱ ሹፌር፣ መስታወቱን ሁለት ጣት ብቻ ዝቅ አድርጎ።

«ውሻ ነው» አለች ናኦሚ።

«ሬሳ ከሆነ አልጭንም። ቅዳሜን በሬሳ አልጀምርም።»

«አልሞተም! ይተነፍሳል፣ እየው!»

ሹፌሩ ናኦሚን ትቶ ቶሌራን አየው። የአሥራ አራት ዓመቱ ቶሌራ ውሻውን ሻምበልን በአንሶላ ጠቅልሎ እንደ ጤፍ ከረጢት ታቅፎታል። ከአንሶላው ጫፍ የወጣው ፊት ፊት አይመስልም። ግንባሩ ላይ ቆዳ፣ ዐይኑ ላይ ቆዳ፣ ጉንጩ ላይ ቆዳ ተደራርቧል፤ ፈጣሪ ለሦስት ውሻ የቀደደውን ቆዳ ለአንዱ ብቻ አልብሶ የላከው ይመስላል። በእጥፋቶቹ መሐል ሥጋው እንደ ተላጠ ቲማቲም ቀልቷል። ከከንፈሩ አረፋ ይንጠባጠባል።

«ግቡ በቃ። ወንበሬን ካበላሸ ግን በምላሳችሁ ነው የማስጠርጋችሁ።»

መኪናው ከጎሮ ተነሥቶ ወደ ጉርድ ሾላ መንገድ ጀመረ። ናኦሚ ጃክሮስ እስኪደርሱ የሻምበልን ጆሮ ዳበሰች። ከዚያ ሹፌሩ እንዳይሰማ ጠጋ ብላ፣

«ቶሌ፣ አብዝቼው ይሆን?» አለችው።

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን። ጠዋትና ማታ ነበር ያልከኝ። እኔ ምሳ ሰዓትም ጨመርኩለት። ቶሎ እንዲድን ብዬ።»

ቶሌራ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እኔ እንጃ» አለ።

እኔ እንጃ ማለቱ ውሸት ነበር። አሳምሮ ያውቃል።

በስምንተኛ «ለ» ክፍል ቀደዳ የሚችል እንደ ቶሌራ አልነበረም። የአያቱ በሬ በክረምት ኩሬ ለኩሬ እየዘለለ መብረር ለምዶ፣ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠሩ የመጡት መሐንዲሶች ሜዳውን የመረጡት በሬው ሲያርፍ አይተው ነው ብሎ ሲያወራ፣ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይንከባለላሉ። አንድም ሰው አያምነውም። እሱም ማንም እንዲያምነው ፈልጎ አያውቅም፤ ከሳቁለት ይበቃዋል። ናኦሚ ግን በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ መጣችና ይህንኑ ታሪክ አፏን ከፍታ ሰማች። ሲጨርስ እጇን አወጣች።

«በሬው ግን ሲያርፍ እግሩን አያመውም ነበር?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ናኦሚ ለቶሌራ ሰው ሳትሆን የዕቃ ዕቃ መጫወቻ ሆነች።

ታዲያ ከአራት ቀን በፊት ያቺው ናኦሚ በዕረፍት ሰዓት ስልኳን ይዛ ትዞር ጀመር። አባቷ አቶ ካሳዬ ያመጡላት የቻይና ዘር ውሻ፣ ሻር ፔይ የሚሉት፣ ሻምበል ታሟል። የቆዳውን እጥፋት ገልጣ ውስጡን ፎቶ አንሥታለች። ቀይ ነው፣ ይረጥባል፣ ይሸታል። «በየቀኑ በሻምፖ አጥበዋለሁ፤ ግን እየባሰበት ነው። የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ካውያ ይዘሽ ተኩሺው!» አለ ዓብዱ፣ የቶሌራ የነፍስ ጓደኛ።

«ጡረታ የወጣ ውሻ ነው እንዴ የገዙልሽ?» አለ ሌላው።

ናኦሚ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ወደ ቶሌራ ዞረች። እሱም ያን ጊዜ አፉን ሞልቶ ጀመረ።

«ወሎ ሰፈር አጎቴ ሞሲሳ ጋራዥ አለው። እዚያ ከጆሮው እስከ ጅራቱ በቁስል ያለቀ ውሻ ነበር። አንድ ቀን የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ቀን ብታዪው! ጸጉሩ ከማብረቁ የተነሣ መካኒኮቹ መስታወት ትተው በሱ እያዩ ጢማቸውን ይላጩ ጀመር። አንድ ዲያስፖራ መኪና ሊያሠራ መጥቶ መኪናውን ረስቶ ውሻውን ይዞ ሄደ።»

«በርሜሉ ውስጥ ሲገባ ዐይኑን አላቃጠለውም?» አለች ናኦሚ።

ዓብዱ አፉን በደብተር ሸፈነ።

ውሸት ብቻውን አይቆምም፤ አንዱ እግሩ እውነት መሆን አለበት። ጎሮ ገና የእርሻ መንደር ሳለ ጀምሮ እከክ የያዘውን ውሻ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የታወቀ ነው፤ የቶሌራ አባትም ቀብተው ያውቃሉ። ስለዚህ በማግሥቱ አንድ ሃይላንድ ዘይት ከጋራዡ ቀዳ። ወፈረበትና በናፍጣ አቀጠነው። አሸተተው። ጋራዥ ጋራዥ ይላል። መድኃኒት መድኃኒት እንዲሸት ብሎ ከእናቱ ማጠቢያ ቤት ሁለት ክዳን በረኪና ጨመረበት። ከዚያ እንደ ባህል ሐኪም ፊቱን አኮሳትሮ ሰጣት።

«ለሰው እንዳትናገሪ። መድኃኒት ምን እንደሆነ ከተነገረ ይረክሳል። ለእናትሽም፣ ለአባትሽም፣ ለሐኪምም።»

ይህንን ከአክስቱ ከአልጣሽ የሰማው ነው። አክስቱ ለኪንታሮት ሥር የሚምሱ ሰውዬ ዘንድ ሄዳ የተሰጣትን ዱቄት ምንነት ለባሏ እንኳ ሳትነግር ሁለት ወር ይዛ ተቀምጣለች። ናኦሚም ማለች።

ሐሙስ ዕለት ቪዲዮ ላከችለት። ሻምበል ከሰል መስሎ ጠቁሯል። ፊቱን ከግንቡ ጋር እያሸ ይጮኻል፤ ይሮጣል፤ ይመለስና ትከሻውን ይልሳል፤ ደግሞ ያሻል። የናኦሚ ድምፅ ከጀርባ ይሰማል፦ «እየሠራ ነው መሰለኝ፣ ቁስሉ ሲድን ያሳክካል አይደል?» ቶሌራ ለዓብዱ አሳየው። ዓብዱ «የጎማ ማስታወቂያ!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም እየሳቁ ከመቀመጫቸው ወደቁ። ደግመው አዩት። ሰባት ጊዜ።

ስምንተኛው ጊዜ ላይ ቶሌራ ድምፁን አጠፋው። ለምን እንዳጠፋው ዓብዱ አልጠየቀውም።

ዛሬ ጠዋት ናኦሚ ደውላ ጠራችው፤ አሁን ሻምበል ጭኑ ላይ ነው። ጩኸቱም አልቆበታል።

የእንስሳት ክሊኒኩ አንድ ክፍልና አንድ የብረት ጠረጴዛ ነው። ሐኪሟ ዶክተር ምንትዋብ ዕድሜዋ ከቶሌራ ታላቅ እኅት ብዙ አይበልጥም፤ ፊቷ ግን ቀልድ አያውቅም። የሻምበልን ድድ ተጫነች፣ ልቡን አዳመጠች፣ የትከሻውን እጥፋት ገለጠች። ከዚያ አፍንጫዋን አስጠጋች።

«ምን ቀብታችሁት ነው?»

ናኦሚ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ በእናቷ ሻምፖ አጥባዋለች፤ ሽቶም ነፍታበታለች። ያም ሆኖ ሽታው አልለቀቀም።

«መኪና ሥር መተኛት ይወዳል» አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። መዋሸት አትችልም። ዐይኗ ግን ቶሌራ ላይ ነው፤ «እያየኸኝ ነው? አላረከስኩትም» የምትል ትመስላለች።

«ምን በላ?»

«ምንም። ያስመልሰዋል እንጂ አይበላም።»

«ሰፈራችሁ ለውሻ መርዝ ይጥላሉ?»

«ባለፈው ወር ሁለት ሞተዋል።»

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። «በሥጋ አድርገው ሰጥተውት ይሆናል። መርዙ ሳይሰራጭ እንዲያስታውክ ባደርገው ይሻላል።» መድኃኒቱን ከጠርሙሱ በመርፌ ትስብ ጀመር።

ቶሌራ የመርፌውን ጫፍ እያየ ደረቀ። የአጎቱ የሞሲሳ ጋራዥ ትዝ አለው። ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ናፍጣ ሲያሻግሩ ጎማ ቱቦ በአፋቸው መጥጠው ነው። አንድ ቀን ሞሲሳ ጉሮሮውን ሞልቶ ዋጠው። የጋራዡ ልጆች እንዲያስታውክ ብለው ጣት ወደ አፉ ሲሰዱ፣ ሽማግሌው መካኒክ ቁልፉን ወርውሮ ጮኸ፦ «ተዉት! ናፍጣ ሲወርድ ሆድ ነው የሚገባው፤ ሲመለስ ሳንባ ነው!»

ሻምበል ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ትከሻውን ሲልስ ነበር። በረኪናውን ጨምሮ።

ዝም ቢል ምንም አይመጣበትም። ይህንንም አሳምሮ አውቋል። ውሻው ይሞታል፤ «መርዝ ነው» ይባላል፤ ጎረቤት ይረገማል። ናኦሚ ትንፍሽ አትልም፣ ምላለች። አቶ ካሳዬም ውሻቸውን ያሳመመውን ልጅ ፍለጋ የቶሌራን አባት በር አያንኳኩም። ውሻው ብቻ ነው የሚሞተው።

«ናፍጣ ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«እንዲያስታውክ አያድርጉት፣ ዶክተር። ናፍጣ ልሷል። የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣ... በረኪናም አለበት። ሁለት ክዳን።»

መርፌው አየር ላይ ቆመ። መጀመሪያ የተናገረችው ናኦሚ ናት።

«ቶሌ! ይረክሳል እኮ!»

«የሚረክስ ነገር የለም።» ምላሱ እንደ ጡብ ከበደው። «ቀልድ ነበር።»

ናኦሚ ቶሌራን አየችው። በክፍሉ ሙሉ ተማሪ ፊት የሚበር በሬ እንዳለ ያመነችው ዐይን፣ ይህን ለማመን ግን ጊዜ ፈጀባት። ሲገባት አላለቀሰችም፤ አንድ እርምጃ ከእሱ ራቅ ብላ ቆመች እንጂ።

ዶክተሯ መርፌውን አስቀመጠች። «ቀልድ» አለች። «ጥሩ። እጅጌህን ሰብስብና ና፤ አብረን እንስቃለን። ጭንቅላቱን ያዝ። ፊትህን ካዞርክ አስወጣሃለሁ።»

ጉሉኮስ ሰካችለት። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እያንዳንዱን እጥፋት እየገለጠች ማጠብ ጀመረች። አንደኛውን ስትገልጥ ጥቁር ዘይት ወጣ። ሁለተኛውን ስትገልጥ ከዘይቱ ጋር ቆዳ ወጣ። ሻምበል አልቆበታል የተባለውን ጩኸት ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጮኸ፤ ዞሮም የቶሌራን አውራ ጣት ነከሰው። ደም ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ።

«ነከሰኝ!»

«ክትባቱ ተሟልቷል?» አለች ዶክተሯ፣ ናኦሚን።

«ተሟልቷል።»

«እንግዲያው አትሞትም። ያዘው።»

ያዘው። አሥራ ሰባት እጥፋት ነበር። ዶክተሯ ከአጠበች በኋላ እያንዳንዱን በደረቅ ጨርቅ ነካ ነካ እያደረገች፣ ሳታሽ፣ ውኃውን መጠጠች። ከዚያ ቅባት በስሱ።

«መጨማደዱ በሽታ አይደለም» አለች፣ ቀና ሳትል። «እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው። እጥፋቱ ውስጥ እርጥበት ሲቀር ነው የሚበሰብሰው። አንቺ ከልክ በላይ አጥበሽ ከልክ በታች አደረቅሽው።»

«አጠራረጉን አላውቅም ነበር» አለች ናኦሚ። «ሰው ጠየቅኩ።»

«የጠየቅሽው ሰው ምን እንደሚመስልማ እያየሁት ነው።»

ሻምበል ክሊኒኩ ማደር ነበረበት። ነገ ጠዋት ቆሞ ካገኙት ይተርፋል፤ ካልሆነም ዶክተሯ ትደውላለች። ከተረፈ ለሦስት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ መጠረግ፣ መድረቅና መቀባት አለበት፤ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ያዥ፣ አንዱ ጠራጊ።

ባዶውን አንሶላ ይዘው በታክሲ ወደ ጎሮ ተመለሱ። ናኦሚ ከፊት ተቀመጠች፣ ቶሌራ ከኋላ። ከታክሲው ወርደው ናኦሚ ቤት በር ላይ ደረሱ። ቁልፉን አወጣችና ሳትከፍት ቆመች።

«አባቴ ሲመጣ ሻምበል የት ነው ይለኛል።»

ቶሌራ አንሶላውን ከብብቱ ሥር አጥብቆ ያዘ።

«አንተ ውሸት ትችላለህ። እኔ አልችልም፣ አይተኸኛል።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር። «አንድ ፍጠርልኝ። ጥሩ ውሸት ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን ከኔ ጋር አትነጋገር።»

ውሸቱ ወዲያው መጣ። እንዴት ያለ ውሸት! ከታች ከሚሠራው ሕንፃ ከቀለም በርሜል አጠገብ ነው ያገኘሁት፤ ሠራተኞቹ ቀልደው አፈሰሱበት፤ አንዱ ቀይ ኮፍያ አድርጓል... ኮፍያው ሳይቀር ታየው። አቶ ካሳዬ ሕንፃው ጋ ሄደው ይጮኻሉ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው አይጠፋም፣ አንዱ ይባረራል፣ ነገሩ ያልቃል። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይጣፍጠዋል።

የተነከሰው ጣቱ ይጠዘጥዘው ነበር።

«አባትሽ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» አለ።

«አሥራ አንድ ተኩል። ምነው?»

ሰዓቱ ገና ስምንት ነበር። ቶሌራ አንሶላውን አጣጥፎ ሰጣትና በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።