የጊፋታ እጥበት

አቶ አንጁሎ ገና ሳይቀበሩ ምራታቸው ብሩክታይት ገዳይ ተባለች። በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ማለዳ ውሃ ቀድታ የሰጠቻቸው እሷ ናት፤ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አድሮ በማግስቱ አረፉ። ሌላው ሰው ሻይና ለስላሳ ነበር የጠጣው። ለሰፈር ወሬ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል?

ኢንስፔክተር ሰብለ ከሶዶ ተነስታ ሻንቶ ስትደርስ ዘመድ ልጅቷን ጓዳ ቆልፎባታል።

«መርዝ ነው!» አሉ የሟች ባለቤት ወይዘሮ አስካለች። «ውሰጂልኝ!»

«ሐኪሙ መርዝ አላገኘም፣ እናቴ። አተት የሚሉት በሽታ ነው፤ ከውሃ የመጣ።»

«የእኛ ውሃማ በዶክተሩ ማጣሪያ የተጣራ ነው!»

ዶክተሩ ዮሴፍ ነው፤ ተምሮ የተመለሰ የሰፈሩ ልጅ፣ የሁሉም ኩራት። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ስስ ጨርቅ የእሱ ሥራ ነው። ናኖፋይበር ይባላል፤ ክሩ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ፣ ውሃውን አሳልፎ ጀርሙን የሚያስቀር። አንጁሎ የወንዝ ውሃ ሳያፈሉ የሚጠጡት እሱን አምነው ነበር።

ሰብለ ጓዳውን አስከፈተች። ብሩክታይት መሬት መሬት እያየች «ስጪኝ አሉኝ፣ ሰጠኋቸው» አለች።

ከዚያ ሰብለ ማጣሪያውን ከፈተችው። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ የክረምት ጭቃ ነው፤ ጨርቁ ግን ነጭ፣ ጭረት የሌለበት። ከክፈፉ ሥር ጥቂት የእንሰት ቃጫ ተወትፏል።

«ለጊፋታ ምን ምን አጠባችሁ፣ እናቴ?»

«ያልታጠበ ምን አለ? አሮጌው ዓመት እድፉን ይዞ ይሂድ እንጂ!»

«ይህንን ጨርቅስ?»

«ጭቃ ለብሶ እንግዳ ቢያየው ምን ይለኛል? በዋዜማው በአመድና በቃጫ ፈተግኩት። ከዚያ ወዲያ ውሃው እንደ ቧንቧ ወረደ!»

ከቀብር መልስ ሰብለ ሁሉንም ድንኳን ውስጥ ሰበሰበች። ብሩክታይትንም አጠገቧ አስቀመጠች።

«ጨርቁ በቃጫ ሲፈተግ ተቦጫጨቀ። የተቦጫጨቀ ጨርቅ ውሃ ቶሎ ያወርዳል፤ ጀርሙንም አብሮ።»

አስካለች ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ! እኔ ነኛ የገደልኩት?»

«ይቆዩ፣ እናቴ። የፈተጉት ጨርቅ እኮ እዚያ የለም። ያለው ጭረት የለውም፤ ከበዓሉ ጀምሮ ቢሠራ ኖሮም ይህ ውሃ ያቆሽሸው ነበር። ከሞታቸው በኋላ የተቀየረ ነው። አዲስ ጨርቅ ከማን እጅ ይገኛል?»

ሰው ሁሉ ወደ ዮሴፍ ዞረ።

«ዶክተር፣ በበዓሉ ማለዳ እዚህ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ውሃው እንደ ቧንቧ ሲወርድ አዩ?»

ዮሴፍ አንገቱን ደፋ። «አየሁ። መቀደዱ ወዲያው ገባኝ። እንግዶቹ በፍጥነቱ ተደንቀው ያጨበጭባሉ… በሰው ፊት ሥራዬ ተበላሸ ማለት አፈርኩ። አቶ አንጁሎ ብርጭቆውን ሲያነሱም እያየሁ ዝም አልኩ። ሲሞቱ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ለቅሶ ስደርስ ቀየርኩት። እንዳይፈተግም አስጠንቅቄያቸው አላውቅም፤ ማን ይፈትገዋል ብዬ።»

«ይቺን ልጅ ሲቆልፉባትስ?»

«ሰማሁ።»

ሰማሁ አለ! ሰምቶ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲቆረጥም ነበር። ሌላውም ቢሆን የሚኮራበት አልነበረውም፤ ጓዳውን የቆለፉት ዘመዶች አንዱ የአንዱን ዓይን ሸሸ።

ሰብለ ዮሴፍን ይዛ ወጣች። አስካለች ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው ቀና አሉ።

«ብሩክታይት፣ ልጄ… ውሃ ስጪኝ።»

ልጅቷ ከፈላው ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበች። አስካለች ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያያቸው ከእጇ ተቀብለው እስከ ጠብታው ጠጡ።

ብሩክታይት ባዶውን ብርጭቆ ተቀበለች፤ ፊታቸውን ግን አላየችም።