ፍየሎቹ የበሉት ቅጠል

ሌላው ሰው ፍቅረኛውን ሠርግ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ያገኛል። ጥሩወርቅ ሰማታርን ያገኘችው መንገድ ዳር ጎንበስ ብላ የፍየል በጠጥ በጆንያ ስትለቅም ነው።

«አቦ አንቺ!» አላት ከኋላዋ። «ፍየሎቼ ጥለውት የሄዱትን ምን ልታደርጊበት ነው?»

ቀና አለች። ሽርጥ ያገለደመ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ረጅም ወጣት ነው።

«ለወይን ነው። ከፈለግህ ልመልስልህ።»

«ኧረ ውሰጂው! ነገም ይጨምሩልሻል፤ ሥራቸው ነው።»

ዘመኑ 1973 ነበር። ጥሩወርቅ ከዓለማያ በእርሻ ትምህርት ተመርቃ የመንግሥት ምደባዋን ትጠብቃለች። አባቷ አቶ ሀብተ ማርያም ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ሲሆኑ፣ በቢዮ አዋሌ መንገድ ላይ ያለችውን የወይን እርሻ ከአንድ ግሪካዊ ገዝተው፣ ወይኑን እዚያው እየጨመቁ ለከተማው የከዚራ ሰፈር ሆቴሎች ይሸጡ ነበር። የመሬት አዋጁ ሲመጣ እርሻዋ ትንሽ በመሆኗ ተረፈችላቸው። ለወይኑ የሚነሰንሱት ድኝ ግን አልተረፈላቸውም። በጂቡቲ በኩል የሚገባው መድኃኒት ሁሉ ለመንግሥት እርሻ ሆነ። ድኝ ያልተነሰነሰበት ዘለላ ደግሞ ገና ጥሬ ሳለ አመድ የመሰለ ሻጋታ ይለብሳል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ለበሰ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቶ ቁርጡን ነገራቸው። «ዘንድሮም ካላፈራ ይነቀልና ሽንኩርት ይተከልበታል።»

«ያለ መድኃኒት እናፈራዋለን» አለች ጥሩወርቅ።

«ድኝ ሳይነካው የሚያፈራ ወይን ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ብቻ ነው» አሉ አባቷ።

«ኖኅ ድኙን ከየት አምጥቶ ነበር?»

አቶ ሀብተ ማርያም ልጃቸውን ኮሌጅ በመላካቸው የተጸጸቱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር፦ ለሻጋታው በውሃ የቀጠነ አጓት፣ ለተባዩ የተዘፈዘፈ የኒም ዛፍ ቅጠል፣ ለሥሩ የፍየል በጠጥ። ዘለላው አየር እንዲያገኝ በየጊዜው ቅጠሉ ይሳሳል፤ የተቆረጠውን ፍየሎች ገብተው ይበሉታል፤ በልተው የሚጥሉት እዚያው ይቀራል። በጠጡም አጓቱም የሰማታር እናት የሃዎ ነው። ገንዘብ የሚባል በመካከላቸው አልነበረም፤ ቅጠል በበጠጥ ነው።

ሰማታር ፍየሎቹን አስገብቶ ከመጭመቂያው ቤት ደጃፍ ይቆማል እንጂ አይገባም።

«ግባ እንጂ፣ ፀሐዩ ይበላሃል» ትለዋለች።

«ይብላኝ። እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም።»

«ሐራም ከሆነ ለምን ትረዳኛለህ?»

«ማን አንቺን ረዳ? እኔ የምረዳው ፍየሎቼን ነው። እነሱም ቅጠል በሉ እንጂ ሲሰክሩ አላየሁም።»

ትስቃለች። እሱ አይስቅም፤ ስትስቅ ያያታል። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይሉና ፍየሎቹ ቅጠል ሲያመነዥኩ ብቻ ይሰማል። ጥሩወርቅ የዚያን ዝምታ ነገር ለራሷም ቢሆን ልታብራራው አልሞከረችም። ሥራ በዝቶባት ነበር።

አንድ ቀን በዱላው ወደ መንጋው እያመለከተ፣ «እነዚህ የኔ ሠርግ ናቸው» አላት።

«ከማን ጋር?»

«አንዲት ተማርኩ የምትል፣ በጠጥ የምትለቅም አለች። አባቷን ፈርቼ ነው።»

አባቷ ሲነገራቸው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «ወይኑ ያፍራና ሽማግሌ ይላክ። የሃይማኖቱን ነገር ያን ጊዜ እንጣላበታለን። ካላፈራ ግን ቤትም የለኝ፣ ከየት ቤት ልድርሽ?»

ስለዚህ ሁሉም ነገር በዘለላው ላይ ተንጠለጠለ።

ዘለላው ነሐሴ ላይ ሻጋታ ሳይነካው አረንጓዴ ሆኖ ተንዠረገገ። አንድ ቅዳሜ ግን ቅጠሉ ላይ አባጨጓሬ ታየ። አባትም ልጅም አዩት፤ አንዳቸውም ለሌላው አልተናገሩም። እሷ አባቷ እንዳይደነግጡ ብላ ደብቃ፣ አባጨጓሬው ከነቅጠሉ እንዲነሳ ረቡዕ የታሰበውን ቅጠል ማሳሳት ወደ ሰኞ አመጣችው፤ ለሰማታርም ላከችበት። እሳቸው ደግሞ ተስፋቸው ተሟጠጠ። እሁድ ጧት እሷ መሠረተ ትምህርት ለማስተማር ከተማ፣ መጋላ ሰፈር ወርዳ ሳለ፣ ወዳጃቸው ዘገዬ ከሚጠብቀው የመንግሥት የጥጥ እርሻ መጋዘን የጥጥ መርዝና በጀርባ የሚታዘል መርጫ አመጡ። ከዳር እስከ ዳር ረጩት። እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን አለ፤ ይተናል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብለው ነበር። ሰኞ ጧት መርጫውን ሊመልሱ በማለዳ ወጡ።

ፍየሎቹ የገቡት እሳቸው እንደወጡ ነው።

መጀመሪያ አንዲቱ ተንቀጠቀጠች። ቀጥሎ ጥሩወርቅ ሌላዋ አረፋ ስትደፍቅ አየች። ሰማታር እየጮኸ መንጋውን ወደ በሩ ነዳ፤ ግማሾቹ በሩ ጋ ሳይደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ጥሩወርቅ ውሃ እያመጣች ታጠጣለች፤ ያጠጣቻት ፍየል እጇ ላይ ትሞታለች። እኩለ ቀን ላይ በረድፎቹ መካከል አሥራ ሰባት ፍየሎች ተዘርረው ነበር።

አቶ ሀብተ ማርያም ከከተማ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው አዩ። መጭመቂያው ቤት ገቡ። ተከተለቻቸው።

«አባዬ፣ ምን አደረግህ?»

«ለሠርግሽ ብዬ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ዘገዬ ነው ከመጋዘን የሰጠኝ... እባክሽ ልጄ።»

የመንግሥት ንብረት ከመጋዘን ማውጣት በዚያን ዘመን ስሙ የኢኮኖሚ አሻጥር ነበር። በዚህ ስም ከተወሰዱት ሁለት ጎረቤቶቻቸው አንዳቸውም አልተመለሱም።

ስትወጣ ሰማታር ተንበርክኮ ቅጠል ያሸታል።

«ጥሩዬ፣ ምንድን ነው?»

ከኋላዋ በሩ ገርበብ ብሏል። የአባቷ ትንፋሽ ይሰማታል።

«ኒም ነው» አለች። «አብዝቼው ነው።»

«እነዚህ ፍየሎች ከተወለዱ ጀምሮ ኒም ሲቀነጥሱ ነው ያደጉት።»

እሱ የቤቱን በር አየ፤ ተመልሶ እሷን አየ። ቅጠሉን መሬት ላይ አስቀመጠው እንጂ አልወረወረውም።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ባለበት የሰማታር ጎሳ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንጋፋው ዲሪር ጠየቁት። «ሰማታር፣ ከብትህን ምን ገደለው?»

«ኒም ነው» አለ ሰማታር ጠንከር ብሎ። «ልጅቷ ዛሬ አታስገባ ብላኝ ነበር። አልሰማ ብዬ ያስገባሁ እኔ ነኝ። ካሣ አልጠይቅም።»

እናቱ ሃዎ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። አቶ ሀብተ ማርያም ከተቀመጡበት ለመነሳት ሞከሩ፤ ጥሩወርቅ ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ሲበተኑ ደረሰችበት።

«ለምን ዋሸህ?»

«መርዝ ያለው መንግሥት ጋ ብቻ ነው፤ ቢታወቅ አባትሽን ይገድሉታላ። አሁን ደግሞ እናቴ ባዶ እጇን ቀረች። ስለዚህ ጂቡቲ ወደብ ወርጄ እሸከማለሁ።»

«አብሬህ ልምጣ።»

«እንዴት ብዬ?» ድምፁ ተሰበረ። «ለሽማግሌ ኒም ነው በይ፣ ለሊቀመንበሩም በይ። ለኔ? ዓይኔን እያየሽ ለኔ? በጆሮዬ ብታንሾካሹኪልኝ እኮ ከነመርዙ እሸከመው ነበር።»

መልሷንም አልጠበቀም። ቃሊ የሚባል የአጎቱ ልጅ የጭነት መኪና ነበረው፤ በዚያው ሳምንት ከእርሱ ጋር ሄደ።

ወይኑ አፈራ፤ ያውም ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ። ሊቀመንበሩ «ያለ ውጭ መድኃኒት!» ብሎ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበላት። ጥሩወርቅ እያጨበጨቡ ሳለ ወጥታ ሄደች። ከዚያን ዓመት ምርት አንድ ጠርሙስ እንኳ አላስጨመቀችም፤ ዘለላውን ሁሉ ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው። አባቷ አልተቃወሟትም። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ውሸቷ ግን አልተቀበረም። «ኒም ፍየል ይገድላል» የሚለው ወሬ መንደሩን አዳረሰ። ሰው ከደጁ ኒም ቆረጠ። አንድም እረኛ ወደ እርሻው ዝር የማይል ሆነ። በጠጥ ያጣው ግንድ በሚቀጥለው ክረምት ቅጠሉ ገረጣ፤ አጓትም የሚሰጣት ጠፋ። የሽንኩርቱ ዛቻ እንደገና በሩ ላይ መጣ። ምደባዋ ለአሰላ ደርሶ ነበር፤ ደብዳቤውን ኪሷ ውስጥ አድርጋ ወደ ሃዎ ቤት ሄደች።

ሃዎ ከቀሯቸው ጥቂት ፍየሎች አንዷን እያለቡ ነበር። ቀና አላሉም።

«ኤዶ ሃዎ፣ ኒም አልነበረም» አለች ቆማ፣ በሶማልኛ አክስቴ ብላ ጠርታቸው። «መርዝ ነው። አባቴ ነው የረጨው፣ ከመንግሥት አውጥቶ። ለፈለጉት ይንገሩ።»

ሃዎ ማለባቸውን ጨረሱ። ዕቃውን ከደኑ።

«አውቃለሁ። ልጄ ነግሮኝ ነው የሄደው። አንድ ቀን ራሷ መጥታ ትነግርሻለች አለኝ። አንድ ዓመት ቆየሽ፤ ልጅ ቢሆን ቆሞ ይሄድ ነበር።»

ጥሩወርቅ የዚያን ጊዜ አለቀሰች፤ ያውም ተንሰቅስቃ። ሃዎ አላባበሏትም፣ አላባረሯትምም።

«ሌላስ ምን አለ?» አለች በመጨረሻ።

«ስትመጣ ቅጠሉን መጀመሪያ እሷ ትብላ አለ።»

በማግስቱ ሃዎ ፍየሎቻቸውን እየነዱ እርሻው በር ላይ ቆሙ። መንገድ ላይ ያዩዋቸው እረኞችም ከኋላ ተከትለው፣ በሩቅ ቆመው ይመለከታሉ። ጥሩወርቅ አዲስ የተቆረጠ ቅጠል አነሳች፤ ሁሉም እያዩ አላመጠችው። ኮምጣጣ ነበር።

የአሰላውን ደብዳቤ መልስ ሳትሰጥበት ቀረች። እረኞቹም ተመለሱ፤ ሽንኩርቱ አልተተከለም። ሰማታርም አልተመለሰም፤ በየዓመቱ በቃሊ መኪና ለእናቱ ጨርቅና ስኳር ይልካል፤ ለሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልላከም፣ ስለ ደህንነቷ ይጠይቃል ይላሉ። ቅጠል ማሳሳት በደረሰ ቁጥር በሩ ላይ ያው ነው። መንጋው ይቆማል፣ ጥሩወርቅ ቅጠሉን አፏ ውስጥ ታደርጋለች፣ ዓይኗ ወደ ጂቡቲው መንገድ ይሄድና ይቀራል። ከዚያ ሃዎ ይጠይቃሉ።

«ዋጥሽው?»

«ዋጥኩት።»

«እንግዲያ በሩን ክፈቺ።»