ቀዩ ብርሃን የገባበት ደቂቃ

ተመራማሪዋ አናጋ ኬትካር በማይክሮስኮፑ ክፍል ወለል ላይ ሞታ ስትገኝ ሁለቱም መዳፎቿ በልዘው ነበር። መስኮት ወደሌለው ጠባብ ክፍል ከኮሪደሩ በርሜል እጅግ ቀዝቃዛ የሆነ፣ ሲፈስ ወደ ጋዝ የሚለወጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚያመጣ ቱቦ ይገባል። ቱቦው ከጫፉ ወልቋል። ጋዙ ሽታም ድምፅም ሳይኖረው አየሩን ገፍቶ አስወጥቶ አፍኗታል።

በሕንድ የፑኔ ከተማ የምርምር ተቋም ያለ ሰው ሁሉ አደጋ ነው አለ። ኢንስፔክተር ሻራዩ ጋይክዋድ ግን መዳፎቿን አይታ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ሳይዘጋ ቢገኝም ከውጭ መወርወሪያ አለው፤ ክፍት በር ደግሞ ማንም አይደበድብም።

በፎቁ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። በርሜሉን የሚሞሉት ሽማግሌው ባባን፣ ቱቦውን ጧት አጥብቄዋለሁ እያሉ ይምላሉ፤ የሚያምናቸው ግን አልተገኘም። የአናጋ ተማሪ ኬታኪ፣ አናጋን «ታይ»፣ ታላቅ እህት፣ እያለች የምትጠራት፣ በሚቀጥለው ክፍል ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ፓራንጅፔ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ከአናጋ ጋር ሲነጋገሩ ቆይተው፣ በደህና ተለይተዋት ሻይ ሊጠጡ እንደወረዱ ተናገሩ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሻይ ቤት መግባታቸውን የቤቱ ባለቤት መሰከረ።

ሻራዩ፣ አናጋ ምን ትሠራ እንደነበር ኬታኪን ጠየቀቻት።

«እርሾ ነው የምናጠናው፣ ማዳም። ሴል ሲርበው ወይ ሲበርደው ውስጥ ለውስጥ መልእክት ይላላካል። የዚያን መንገድ ካርታ ነበር የምንሠራው። የረሃቡን መልእክተኛ አረንጓዴ፣ የብርዱን ቀይ ብርሃን አልብሰናቸዋል። ሴሉ ሲጨንቀው ወደ እምብርቱ፣ ወደ ኒውክለሱ፣ ይገባሉ። ማሽኑ በየሦስት ደቂቃው ፎቶ ያነሳል።»

ሻራዩ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ቀዩ ብርሃን የገባው አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው። ክፍሉ የቀዘቀዘው ያኔ ነው ማለት ነው። እርስዎ እስከ ተኩል ድረስ እዚያ ከነበሩ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ምን ሲተነፍሱ ቆዩ?»

ፓራንጅፔ ፈገግ አሉ። «ለእርሾዎቹ ስኳር የሚያደርሰው መስመር ተዘግቶ ርቧቸው ይሆናል። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እኮ ነው፤ ሁለቱ መልእክተኞች ተነጣጥለው አይገቡም።»

«አረንጓዴው ውጭ ነው ያለው፣ ሰር» አለች ኬታኪ በለሆሳስ። «አልራባቸውም። አናጋ ታይ ያገኘችው ይህንኑ ነበር።»

 ሻራዩ የቀረውን ተናገረች። አናጋ በዚያው ጧት ለፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ጽፋ፣ ሃያ ዓመት ያስተማሩት ካርታ ስህተት መሆኑን ላሳትም ነው ብላቸዋለች። እሳቸው ቱቦውን አስቀድመው አላልተው፣ እሷ ሥራዋ ላይ እንዳቀረቀረች በሩን በመወርወሪያው ዘግተው ከኮሪደሩ በርሜሉን ከፈቱት። በሩን መደብደቧን ስታቆም መወርወሪያውን መልሰው ከፍተው ወረዱ። በሻይ ቤት የታዩበት ሰዓት ነፃ እንዲያወጣቸው፣ በውሸት አብረዋት የቆዩበትን ጊዜ አስረዘሙት።

ፓራንጅፔ እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ። ፖሊሶቹ ሲወስዷቸው ባባን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ኬታኪ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ቀዩ ሲገባ በኮምፒውተሬ እያየሁት ነበር» አለች። «ሙከራው የሠመረ መስሎኝ ደስ አለኝ። ስልኳን ውጭ ትታው መግባቷን ሳላውቅ ‹ታይ፣ ተሳካልሽ› ብዬ ላክሁላት። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ በሩን ስትደበድብ አልሰማሁም። ያኔ ሄጄ በሩን ብከፍተውስ ኖሮ፣ ማዳም?»

መወርወሪያው ከውጭ ስለነበር የማንም እጅ ሊከፍተው ይችል ነበር። ቀዩ ሲገባ አናጋ ገና በሕይወት እንደነበረችም ሻራዩ ሐኪሙን ጠይቃ አውቃለች። «አትደርሺላትም ነበር» ብላ ልትዋሻት አሰበችና ተወችው። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።