ከሸሚዝ ቁልፎች ሥር

ሚጡ የፈለገችው አንዲት ነጭ ቁልፍ ብቻ ነበር። የዩኒፎርሟ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ያለው ቁልፍ ጠዋት ተበጥሶባት፣ ልብስ ሰፊዋ እናቷ የሸሚዝ ቁልፎች የምታጠራቅምበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከስፌት መኪናው ሥር ስባ አወጣችና እጇን እስከ አንጓዋ ከተተች። ከቁልፎቹ ሥር ጣቷን የነካት ግን ሌላ ነገር ነው። ቀያይ ክኒኖች፣ ገና ከነማሸጊያቸው። እናቷ ሁለት ወር ሙሉ «ዋጥኩ» ስትል የከረመችው የደም ማነስ መድኃኒት።

«ምን ትበረብሪያለሽ?»

እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ሦስት ደረጃ ወጥታ፣ ተራራ የወጣች ያህል ታለከልካለች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ…»

«ሆዴን ያቃጥለኛል። ሁለት ቀን ሞከርኩት፣ ተውኩት።» ቆርቆሮውን ነጥቃ ከደነችው። «ለአባትሽም፣ ለአጎትሽም፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ከሰማች ትልቁ ሆስፒታል ትልከኛለች። እዚያ ደግሞ ከገባሁ አንድ ነገር ሳያገኙብኝ አይለቁኝም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም እጄ ላይ እያለ!»

«ግን እየደከመሽ ነው።»

«ሴት አይደለሁ? ወር በመጣ ቁጥር ደም የሚፈሳት ሴት ካልደከማት ማን ይድከመው? በይ ማዪልኝ። እማዬ ትሙት በይ።»

ሚጡ ይህንን መሐላ በቀን አሥር ጊዜ፣ ለማስቲካም ለእርሳስም ትምል ነበር። ያን ቀን ግን አፏ ውስጥ ከበዳት።

«እማዬ ትሙት» አለች። ሸሚዟን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ወጣች።

ትምህርት ቤት ጓደኛዋ «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም» ብትላት «ምንም» አለቻት። ጓደኛዋ ተቀይማ ከሌሎቹ ጋር ሄደች። ሚጡ የእረፍቱን ሰዓት ብቻዋን ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ጨረሰችው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ለማን ትንገር?

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ አጎቷ ፀጉር ቤት አደረሳት። አጎቷ የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰገራው ላይ ቀይ ደም አይቶ ሰፈሩን በጩኸት ቀውጦት፣ የአንጀት ካንሰር ነው ተብሎ፣ ተቆርጦ ወጥቶለት ድኗል። ከዚያ ወዲህ ምላሱ ከመቀሱ አይተናነስም። ከሆስፒታል የተሰጠውን ወረቀት አባዝቶ፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ወንድ ሁሉ ያድላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» እያለ ነበር ስትገባ፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ ለተሸፈነ ደንበኛ። «አባቴ አፍሮ ደበቀው፣ ሞተ። እኔ ጮህኩ፣ ይኸው አለሁ!»

ሚጡ ከመስታወቱ ጥግ አንድ ወረቀት አነሳች። የፊት ገጹ በአጎቷ አፍ መቶ ጊዜ የሰማችው ነው። ገልብጣ ጀርባውን አነበበች። በሴቶች ላይ፣ ይላል፣ በሽታው በቀኝ በኩል፣ ትልቁ አንጀት በሚጀምርበት አካባቢ የመነሳት ዕድሉ ከወንዶች ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ደሙ ሰገራውን ያጠቁረዋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። የሚታየው ድካምና የደም ማነስ ብቻ ሊሆን ይችላል። የወር አበባ ነው ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜም አለ።

እናቷ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። የትኛዋም ሴት ተቀምጣ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሴቶችንም ይይዛል እንዴ?»

«ምን ነካሽ፣ የእኛ ቤት የወንዶች ርስት ነው! አባቴ ያወረሰኝ ይሄንንና ይቺን ወንበር ነው።» ደንበኛው ከነአረፋው ሳቀ። አጎቷ በመስታወቱ ውስጥ አያት። «ምነው ጠየቅሽ?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። መሐላው ትዝ አላት።

«ለትምህርት ቤት ነው» አለችው።

አርብ ዕለት እናቷ ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ መንገድ ላይ እንዳያዞራት ሚጡን አስከተለቻት። ነርሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ውጤቱን አየች።

«ደምሽ ካለፈው ጭራሽ ወርዷል። ክኒኑን በትክክል እየወሰድሽ ነው?»

«በቀን ሁለቴ፣ ሲስተር።»

«ሰገራሽ ይጠቁራል?»

«በጣም» አለች እናቷ ፈጠን ብላ። ቢያንስ አንዱን ጥያቄ በእውነት በመመለሷ ደስ ያላት ትመስላለች።

«እሱ ከክኒኑ ነው፣ አያስጨንቅሽ። መጠኑን እንጨምርልሻለን።» ነርሷ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ሚጡ ሁለቱን አየቻቸው። ያልተዋጠ ክኒን ሰገራ አያጠቁርም። አንዷ የምታውቀውን ሌላዋ አታውቅም። ሁለቱንም የምታውቀው በዚህ ክፍል ውስጥ እሷ ብቻ ነች። እንደዚያ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ከተናገረች የማለችው በእናቷ ሞት ነው። ዝም ካለችም እናቷ ልትሞት ትችላለች።

የደብተር ቦርሳዋን ከፈተች። ጠዋት ለምን እንደያዘችው ለራሷም ያልነገረችውን ቆርቆሮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቁልፎቹ ተንኳኩ። እናቷ «ሚጡ!» አለች፣ በሹክሹክታ።

«እማዬ ትሙት ብዬ ምያለሁ፣ ሲስተር» አለች ሚጡ። «ስለዚህ ምንም አልናገርም።»

ክዳኑን ከፍታ ወደ ነርሷ ገፋችው። የአጎቷን ወረቀት ደግሞ በጀርባው አዙራ አጠገቡ አኖረች።

ነርሷ በቁልፎቹ መሀል እጇን ሰደደች። ክኒኖቹን አወጣች፣ ወረቀቱንም አነበበች። ከዚያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አውርዳ፣ የጀመረችውን ማዘዣ ቀድዳ ጣለችና ሌላ ቅጽ ሳበች። «ምንም ላይሆን ይችላል» አለች ረጋ ብላ። «ግን ሰኞ ትልቁ ሆስፒታል ትታያለሽ። ከቤተሰብ በዚህ በሽታ የታመመ አለ?»

«አባቴ» አለች እናቷ መሬት መሬቱን እያየች። «ወንድሜም።»

ሲወጡ እናቷ ፊቷን አዙራባት ከፊት ከፊት ሄደች። ሚጡ ቆርቆሮውን ታቅፋ ከኋላ ተከተለቻት። ዓመት ሙሉ ብታኮርፈኝም ትኑርልኝ፣ አለች በልቧ፣ ግን ኩርፊያው ገና ካሁኑ ከበዳት።

ከአስፋልቱ ጥግ እናቷ ትንፋሽ አጥሯት ግንብ ላይ ተቀመጠች። ሚጡም ራቅ ብላ ተቀመጠች። መኪናዎች አለፉ።

«ነይ» አለች እናቷ፣ ሳታያት። «ሸሚዝሽ ቁልፍ የለውም።»

ቆርቆሮውን ተቀብላ አንዲት ነጭ ቁልፍ መረጠች። ሁልጊዜ ከነክሩ ቀሚሷ ላይ የምትሰካውን መርፌ ነቅላ መስፋት ጀመረች። ጣቶቿ ሚጡ አንገት ላይ ቀዝቃዛ ነበሩ።

«ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች ሚጡ።

«ፈተና የለሽም እንዴ?»

ሚጡ ወደ እናቷ ተጠጋች። እናቷ ክሩን በጥርሷ እንድትበጥሰው አገጯን ቀና አደረገችላት።