መጀመሪያ የተከፈተው መስኮት

«በሩን የቆለፍከው አንተ፤ ቁልፉ የተገኘው አንተ ኪስ ውስጥ። ሌላ ማንን ልጠርጥር?» አለ ምክትል ርእሰ መምህሩ ጉልላት።

«ተማሪ እየገባ እንዳይረብሸኝ ቆልፍልኝ ያለኝ ዓምሃ ራሱ ነው፣ ጋሼ» አለ የኮምፒውተር ባለሙያው ኢክረማ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞታል። «እንዴት ጓደኛዬን እገድላለሁ?»

«እሱን ለመርማሪዋ ንገር።»

መርማሪዋ ግን ከኋላቸው ቆማ ስትሰማ ነበር። ኢንስፔክተር ጸሐይ ጉለሌ ከሚገኘው ከዚህ ትምህርት ቤት ስትደርስ የመምህር ዓምሃ አስከሬን ተነሥቷል። ዓምሃ በትምህርት ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ካሜራ ፊት፣ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ሆነው፣ ትምህርት ቤቱ ቢቃጠል ቁስለኛን በየትኛው መውጫ እንደሚያወጡ በቡድን በኢንተርኔት ይለማመዱ ነበር። ቁስለኛውን ሆኖ የሚጫወተው እሱ ነው።

«ዓምሃ ራሴን አዞረኝ ሲል ምን አደረጋችሁ?» አለቻት ጸሐይ፣ ተጠርታ የመጣችውን የተማሪዎቹን ቡድን መሪ ሲናን።

«ትወና መስሎን... ሳቅን። ዝም ሲል ነው ለኢክረማ የደወልኩት።» ልጅቷ ዐይኗን ጠረገች።

«በሩ ሲከፈትስ? ካሜራው ያሳያችሁ ነበር?»

«አዎ። ኢክረማ ሮጦ አቀፈው። አብረውት የገቡት ጋሽ ጉልላት ግን አፍንጫቸውን በሻርፕ ይዘው መጀመሪያ መስኮቱን ከፈቱ።»

ጸሐይ ክፍሉን አየችው። ጥላሸት የለም፤ ሽታም የለም። አንደኛውን ግድግዳ ስታንኳኳ ኮምፔንሳቶ ነው።

«ከጀርባው ምንድን ነው?»

«ሱቅ» አለ ኢክረማ። «ድሮ የአደጋ ጊዜ መውጫ ነበር። ተከራዩ ለቋል፤ ቁልፉ ጋሼ ጋ ነው።»

አስከፈተችው። የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል፤ አመዱ ገና ለብ ይላል።

አመሻሽ ላይ መምህራኑንና ወላጆችን አዳራሽ ሰበሰበች።

«ዓምሃን የገደለው የከሰል ጋዝ እንደሆነ ሐኪሙ አረጋግጧል። በኮምፔንሳቶው ስንጥቅ ነው የገባው። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ኢክረማ ስለማያውቅ ሳይፈራ ገባ። እርስዎ ግን፣ አቶ ጉልላት፣ አፍንጫዎን ሸፈኑ። ከምን ሊጠበቁ?»

«መጀመሪያ ራስህን ጠብቅ ብሎ ያስተማረን ዓምሃ ነው።»

«በደንብ አስተምሯል። ግን አደጋው ምን እንደሆነ ማን ነገረዎት? የወደቀ ሰው ነው የታየው። ወላጆች ልምምዱን ሊመለከቱ ነበር፤ ልጆቹም መውጫውን ሲፈልጉ እርስዎ በኮምፔንሳቶ ዘግተው ለሱቅ ማከራየትዎን ሊያዩ ነበር። ይህ እንዳይታይ ነው ሱቁ ውስጥ ከሰሉን ያቀጣጠሉት።»

ጉልላት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«አሞት ልምምዱን እንዲያቋርጠው ነው... በቃ፣ እንዲያቋርጠው ብቻ።»

አዳራሹ ተንጫጫ፤ ሁሉም ወደ ጉልላት ተጠጋ። ፖሊሱ የኢክረማን ክንድ ለቅቆ የጉልላትን ያዘ። ኢክረማ የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ቦርሳውን አነገተና በክፍቱ በር ወጥቶ ወደ ሸጎሌ ታክሲ መያዣ ወረደ። ጠዋት እሱን ነፍሰ ገዳይ ካሉት መካከል ዞሮ ያየው አልነበረም።