ኮዱን አታስተካክዪው

ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ካላመናችሁ ደግሞ እዚሁ ጋ ማንበብ አቁሙ፤ ማንንም አልለማመጥም።

ባለፈው ማክሰኞ ነው። ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ስድስተኛ ፎቅ።

ዲግሪ የለኝም። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ከወንድሜ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ተገንጥለዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው የሚቆጥረውን እኔ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው የምቆጥረው። ኮዱ ውስጥ ቁጥሩን የሚይዘውን ቆጣሪም በሞተችው ድመታችን ስም «ዳማ» እለዋለሁ። ባለዲግሪዎቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የኔ ይሠራል።

ሰባት ድርጅት መልሶኛል። የዚያን ቀን ጠዋት ታላቅ እህቴ አዲሱን ጃኬቷን እያለበሰችኝ፣

«ይሄ ስምንተኛው ነው» አለችኝ። «ዛሬ ካልሆነ ሰኞ እኔ ሱቅ ትገቢያለሽ። አለቀ!»

እሷ ሱቅ ከምገባ ጨርቄን ጥዬ ባብድ ይሻለኛል።

እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዛሬ ደግሞ ቀደምሽ።»

«እኔ? መጥቼ አላውቅም እኮ።»

ፈገግ ብላ የኃላፊውን ክፍል በእጇ አመለከተችኝ።

ኃላፊው ቀጭን ሰውዬ ነው። የሚያወራው በሹክሹክታ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ወንበሩ በልኬ ነው። አጭር ነኝ፤ ወንበር ሳላወርድ ተቀምጬ አላውቅም።

ማውሱ በግራ በኩል ነው።

ግራኝ መሆኔን ማን ነገራቸው?

«ይሄ ፕሮግራም መሐል ላይ ይቆማል» አለኝ። «አስነሺው።»

«የማን ሥራ ነው?»

«ካንቺ በፊት የነበረችው።»

«የት ሄደች?»

«ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እህቴ።»

ወጣ። ግን አልራቀም... ጥላው በበሩ መስታወት ይታያል።

ኮዱን ከፈትኩት።

ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቆጥራል...

ቆጣሪው «ዳማ» ይባላል።

እነዚህ ሌቦች ሥራዬን ሰርቀውኛል ማለት ነው አልኩ። ቀኑን አየሁ። የተጻፈው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እኔ ያኔ ኮምፒውተር በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ወደ ታች ወረድኩ። ስህተቱ ያለበት መስመር አጠገብ ማስታወሻ አለ፤ ፕሮግራም ጻፊ ሁሉ ከሱ በኋላ ለሚመጣው እንደሚተወው ዓይነት።

«አታስተካክዪው። ካስተካከልሽው ይቀጥሩሻል።»

ደግሜ አነበብኩት።

ስህተቱ የአንድ ፊደል ጉዳይ ነው። ሆን ተብሎ የተበላሸ... እኔም ባበላሸው የማበላሸው እንደዚያው ነው።

«አልቻልኩም» ብዬ መውጣት ነበረብኝ። አንዲት ቃል! ግን እኔ? አልቻልኩም? ሰባቱ የሳቁብኝ አይበቃም?

አስተካከልኩት።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። አልጠራሁትም።

«ሰኞ ጀምሪ» አለኝ በሹክሹክታ።

ስወጣ እንግዳ ተቀባይዋ ሰማያዊ የመግቢያ ካርድ ሰጠችኝ። ፎቶ ያለበት።

ፎቶ ሰጥቻቸው አላውቅም።

እኔ ነኝ። የለበስኩት የእህቴን ጃኬት ነው... ያን ጠዋት ገና የለበስኩትን። የካርዱ ጠርዝ ተልጧል። አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ በመያዝ ብዛት ጎድጉዷል።

«አዲስ ካርድ የላችሁም?»

«ያው ያንቺው አይደል እንዴ?» አለችኝ ግራ ገብቷት።

ቤት ስደርስ እህቴ በር ላይ ቆማለች።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

ጮኻ አቀፈችኝ። ከጀርባዋ በኩል ካርዱን ገለበጥኩት። በጥፍር የተጫረ ጽሑፍ አለበት። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

«ነግሬሽ ነበር።»

ቀስ ብዬ የግራ አውራ ጣቴን አየሁት...

ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ተሰግስጓል።